የነሐስ ጓጉንቸር

ሸሚዝ ሲለበስ የታመመው እጅ ይቀድማል። የአባቴን ቀኝ እጅ ከክርኑ ደግፌ እጅጌው ውስጥ አስገባሁና ትከሻው ላይ ካደረስኩት በኋላ፣ ሸሚዙን በጀርባው አዙሬ ለግራው አቀበልኩት። ግራው ራሱ ገባ። አዝራሮቹን ከታች ወደ ላይ አያያዝኩ፤ ከላይ ከጀመርኩ አንዱን እዘላለሁ። አባቴ አገጩን ቀና አድርጎ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ጠበቀኝ።

«ኮሌታው አነቀህ እንዴ?»

«እሺ» አለ።

«እሺ» አዎም ነው፣ አይደለምም ነው፤ ውሃ ስጪኝም፣ መስኮቱን ዝጊውም ነው። ስትሮክ ከመታው ወዲህ የቀረችው ቃል እሷ ብቻ ናት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከደንበኛ ጋር ሲከራከር አንድ ቀን እንኳ «እሺ» ብሎ የማያውቅ ሰው፣ ያ ሁሉ ቃል ጥሎት ሄዶ እሷ መቅረቷ ይገርመኛል። በድምፁ ነው የምለየው። ይህኛው «አንቆኛል፣ ፍቺው» ነበር። ፈታሁለት።

አባቴ ቁልፍ ሠሪ ነው። ሱቃችን አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ያለች የቆርቆሮ ኪዮስክ ናት፤ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። የታመመውም እዚያው ነው። አንድ ጠዋት ቁልፍ እየሞረደ ሳለ ሞረዱ ከእጁ ወደቀ። አነሳው፤ ደግሞ ወደቀ። እኔ መቅረጫ ማሽኑ ላይ ነበርኩ፤ ደክሞት ነው ብዬ አለፍኩት።

ያላለፈችው ጎረቤታችን ናት። የስልክ ካርድ ትሸጣለች፤ ከጠዋት እስከ ማታ ወሬዋን ስለማትዘጋ አባቴ «ሬዲዮ» ብሎ ሰይሟት፣ አሁን እናቷም በዚሁ ሳይጠሯት አይቀሩም። ከጠረጴዛዋ በላይ የስትሮክ ምልክቶችን የሚያሳይ ፖስተር ተለጥፏል፤ የተጣመመ አፍ፣ የወደቀ ክንድ፣ የተሳሰረ ምላስ፣ ከግርጌው ደግሞ ትልቅ ሰዓት። እሷ ያንን ፖስተር ለወራት ስታየው ስለከረመች አንገቷን አስግጋ፣ «ጋሼ፣ እስቲ ይሳቁልኝ» አለችው። ግማሽ ፊቱ ሳቀ። «እጆችዎን ያንሱ!» አንዱ ተነሳ። ካርዶቿን መሬት ላይ በትና አስፋልቱ መሀል ቆመች፤ ታክሲው ሊገጫት ምንም አልቀረው። ሰዓት ሳይሞላ ሆስፒታል ደረስን። ሐኪሙ፣ «ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ…» ብሎ አልጨረሰውም።

ስለዚህ ፖስተሩን ያስለጠፈውን የስትሮክ ግንዛቤ ዘመቻ የሚያማ ሰው ሲያጋጥመኝ ዝም እላለሁ። ያ ፖስተር አባቴን አድኖታል። የዳነው ሰው ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን ግን አልተጻፈበትም።

ሐኪሙ ከሆስፒታል ሲያስወጣን፣ «እጅ በደንብ የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው» አለኝ። «ከዚያ በኋላም ይመጣል፤ ግን እየተለመነ ነው። ዘጠኝ ቁጥር አታቋርጡ።»

ዘጠኝ ቁጥር የፊዚዮቴራፒ ክፍሉ ነው። ሁለት ትይዩ የእጅ መደገፊያ ብረቶች፣ ግድግዳ የሚያህል መስታወት፣ አንድ ከፍ ዝቅ የሚል አልጋ አለው። መስኮቱ ሥር ደግሞ እጅ የሚለማመድበት ጣውላ ተሰቅሏል፤ ቧንቧ፣ መቀርቀሪያ፣ ማብሪያ ማጥፊያና አንድ የበር ቁልፍ ተመትተውበታል። አባቴ መጀመሪያ የገባን ቀን ቁልፉን አየና በግራ ጣቱ እየጠቆመ በግማሽ አፉ ሳቀ። ተገልብጦ ነበር የተገጠመው።

ባለሙያዋ አንዲት ናት፤ ለሆስፒታሉ ሁሉ። ሁሉም «ሲስተር» ይላታል። አጭር፣ እጅጌዋ ሁልጊዜ የተጠቀለለ፣ ታማሚውን «አባቴ፣ አይስነፉብኝ!» እያለች የምትቆጣ ሴት ናት። ሸሚዝ ማልበሱን ያስተማረችኝም እሷ ናት። አራት ቀን ሠራችለት። በአራተኛው ቀን አውራ ጣቱ ተንቀጠቀጠና፣ እንደ ሕፃን እየተንገዳገደ ሄዶ ሌባ ጣቱን ነካ።

«አየሽ?» አለችኝ። «ይህ እጅ ገና ቁልፍ ያዞራል።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር አላሰብኩም። ማሽን ያለው ሁሉ ቁልፍ ይቀርጻል፤ እኔም እቀርጻለሁ። የአባቴ እጅ ግን ቁልፍ የጠፋበትን በር ሳይሰብር ይከፍታል። ሽቦውን አስገብቶ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ውስጡን የሚያየው በጣቶቹ ነው። ቃላቱ ባይመለሱለት እንኳ ያ እጅ ከተመለሰለት ሰው ነኝ ይላል። ካልተመለሰ ምን እንደሚል አላውቅም።

እንግዲህ ያን ጠዋት ሸሚዙን አልብሼው የሄድነው ለአምስተኛው ቀን ነበር። ዘጠኝ ቁጥር በር ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል። ከበላዩ ወረቀት ተለጥፏል፦ «ለስትሮክ ግንዛቤ ማስጨበጫ ዘመቻ ቁሳቁስ ጊዜያዊ ማከማቻ።»

የንብረት ክፍል ኃላፊው ቢሮ ደረጃው ሥር ነው። ጽዳት ሠራተኞቹ «አቶ ነገ» ይሉታል፤ ስሙን ከሰማሁት በኋላ ሌላ ስም ይኖረዋል ብዬ ማሰብ አቃተኝ።

«ሲስተርስ?» አልኩት።

«ዘመቻው ላይ ናት። በየአደባባዩ ሠርቶ ማሳያ ታቀርባለች።»

«ታማሚዎቹስ?»

«ሁለት ሳምንት እኮ ነው፣ እህቴ። ሁለት ሳምንት ምን አላት?»

«ሐኪሙ ያለን ሦስት ወር ብቻ ነው።»

«ታዲያ ከሦስት ወር ላይ ሁለት ሳምንት ቢነሳ ስንት ይተርፋል!» ወደ አባቴ ዞረ። «አይደለም እንዴ፣ አባት?»

«እሺ» አለ አባቴ።

«ይኸው! እሳቸው እንኳ ገብቷቸዋል።» ከመሳቢያው አንድ እፍኝ በራሪ ወረቀት አወጣና ሰጠኝ። «ለጎረቤትም አድዪ።»

ወረቀቶቹን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳቸው። ወጥተን ግቢው ውስጥ ስንደርስ፣ «ሰደብከው አይደል?» አልኩት አባቴን።

«እሺ» አለ። ያኛው አዎ ነበር።

በራሪ ወረቀቱን አውቶቡስ ውስጥ አነበብኩት። ፖስተሩ ላይ ያለው ነው፤ አፉ፣ ክንዱ፣ ምላሱ፣ ሰዓቱ። አፉ ለተጣመመ ሰው አፍ ሲጣመም ምን እንደሚመስል የሚያስረዳ ወረቀት። ጀርባው ባዶ ነበር።

«ዝም ብለን አንጠብቅም» አለች ሬዲዮ። «የአጎቴ ሚስት እንዲህ ሆና ነው በኳስ የዳነችው። ኳስ ስትጨብጥ፣ ኳስ ስትጨብጥ! እጅ ካልሠራ ይረሳል።»

ኳስ አልነበረንም። አባቴ ግራ እጁን አንስቶ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው አሮጌ የነሐስ ጓጉንቸር ጠቆመ። ቁልፉ ከጠፋ ቆይቷል፤ ለማሳያ ነበር የሰቀለው። አወረድኩለትና ቀኝ መዳፉ ውስጥ አኖርኩት። ልክ ነበር፤ ለእጁ የተቀረጸ ይመስል ነበር። እንዳይወድቅ ዙሪያውን በጨርቅ አሰርኩት። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ደንበኛ እያየው ይጨብጣል። ሲተኛም አልፈታውም።

ሁለት ሳምንቱ አራት ሆነ። የዘመቻውን ዋና ቀን የሚከፍቱት የክብር እንግዳ መንገድ ሄደዋል ተባለ። ሲመለሱ ቲሸርቶቹ ላይ ያለው ቀለም ደብዝዟል ተባለና እንደገና ታተሙ። በየሳምንቱ ሄደን በሩን አይተን እንመለሳለን።

«ላም አለኝ በሰማይ ሆነባችሁ እኮ ክፍሉ!» ትለኛለች ሬዲዮ። ደግሞ ወደ አባቴ ዞራ፣ «ለአገር ምድሩ ግንዛቤ ያስጨብጣሉ፣ ለእርስዎ ማንኪያ ማስጨበጥ አቃታቸው፣ ጋሼ!»

አባቴ በግማሽ ፊቱ ይስቃል፤ እየሳቀም ይጨብጣል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጨርቁን ስፈታው ጓጉንቸሩ አልወደቀም። ሳብኩት፤ አልለቀቀም። በሁለት እጄ ሳብኩት። ጮህኩ፤ ከደስታ ነው የጮህኩት። ሬዲዮ ደንበኛዋን ትታ መጣች፤ እሷም ሞከረች፤ አቃታት።

«ኧረ ጋሼ! ይህ እጅማ ሌባ ይይዛል!» ብላ አጨበጨበች።

አባቴ እጁን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ አሳየን፤ ጣቶቹ ነሐሱ ላይ ነጥተዋል። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ያን ቀን ኪዮስኩን በጊዜ ዘጋን፤ በእግራችን ወደ ቤት ስንሄድ ያገኘውን ሰው ሁሉ በቀኝ እጁ ሊጨብጥ ቆመ።

ከታመመ በዘጠነኛው ሳምንት የመክፈቻ ሽቦዎቹን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ከአባቴ ጋር ሄድኩ። ሲስተር ባትኖርም ብረቶቹ አሉ፣ መስታወቱ አለ፣ ጣውላው አለ፤ ያሳየችንን እኔ አስታውሰዋለሁ ብዬ ነው። የምሳ ሰዓት ስለነበር ኮሪደሩ ጭር ብሏል። ከበሩ በላይ ባለው መስታወት በኩል እስከ ጣሪያ የተደረደሩ ካርቶኖች ይታያሉ። ጓጉንቸሩ አባቴ «የሳሙና» ይለው የነበረ፣ በቀላሉ የሚከፈት ርካሽ ዓይነት ነው። ተንበርክኬ ሽቦውን አስገባሁ።

የአባቴ ግራ መዳፍ መጥቶ ጓጉንቸሩ ላይ አረፈ።

አባቴ በሥራው አንድ ሕግ አለው። «ባለቤቱ ያልጠራህበት በር ግድግዳ ነው» ይላል፤ ይል ነበር። በር ሊከፍት ሲሄድ ደብተር ይይዛል፤ ባለቤቱ ይፈርማል፣ ሁለት ምስክሮች ይፈርማሉ፣ ከዚያ ነው ሽቦውን የሚያወጣው። ባሏ የቆለፈባትን ሴት እንኳ ምስክር እስኪገኝ ደጅ አስቁሟት ያውቃል።

«አባዬ» አልኩት በሹክሹክታ። «ክፍሉ ያንተ ነው። ላንተ ነው የተሠራው።»

«እሺ» አለ። መዳፉ ግን አልተነሳም።

«እጅህ ነው እኮ። ሦስት ወሩ እያለቀ ነው።»

«እሺ።»

ጣቶቹን አንድ በአንድ ላነሳቸው እችል ነበር። ግራውም ቢሆን ደካማ ነው፤ እኔ ወጣት ነኝ። ፊቱን ሳየው ግን ሽቦውን መለስኩት። አሁን ሳስበው፣ በሕይወቴ አለመታዘዝ የነበረብኝ ያን ቀን ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ ያን ቀን ታዘዝኩ።

የዘመቻው ዋና ቀን የደረሰው በአሥራ አራተኛው ሳምንት ነው። ጠዋት አቶ ነገ ከረባቱ ትከሻው ላይ ተገልብጦ እየሮጠ ኪዮስካችን ደጅ ደረሰ።

«የዘጠኝ ቁጥር ቁልፍ የለም! የያዘው ሾፌር ክፍለ ሀገር ወጥቷል። እንግዳው ከአንድ ሰዓት በኋላ ይደርሳሉ፤ መኪናው ቆሞ ይጠብቃል!»

«ታዲያ በመዶሻ አትሉትም?» አለች ሬዲዮ።

«ንብረት ሰበረ ተብዬ ኮሚቴ ይቀመጥብኝ?»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለች፤ ለእሱ ሳይሆን ለካርዶቿ።

አባቴ ቀድሞ ተነሳ። በግራ እጁ ደብተሩን አነሳ።

ዘጠኝ ቁጥር በር ላይ ደብተሩን ዘርግቶ አቶ ነገ ፊት ያዘው።

«አሁን የጎደለን ፊርማ ነው?»

«እሺ» አለ አባቴ።

«ነገ ይፈርማሉ፣ አባት» አለች ከኋላችን የቆመች ጽዳት፤ የጭነት መኪናው ሾፌር በሳቅ ፈረሰ። ኃላፊው ፈረመ፤ ጽዳቷና ሾፌሩ ምስክር ሆኑ። አባቴ ፊርማዎቹን አይቶ ራሱን ነቀነቀልኝ።

ደቂቃ አልፈጀብኝም። ብቻዬን የከፈትኩት የመጀመሪያው ጓጉንቸር ነበር፤ አባቴ ዓይኑን ከእጄ አንጓ ላይ አልነቀለም። ካርቶኖቹ እየተቀባበሉ ወጡ። ኃላፊው ከአንዱ ቲሸርት መዘዘና ጣል አደረገልኝ፦ «ለድካምሽ።» ደረቱ ላይ «ምልክቱን ይወቁ፣ ፈጥነው ይድረሱ!» ይላል።

ክፍሉ ባዶ ሆነ። አባቴ ሳይጠራ ገባ፤ አሁን ተፈቅዷላ። እግሩን እየጎተተ ብረቶቹ መሀል ቆመና አቧራ በጠጣው መስታወት ራሱን አየ። በዚህ መሀል ሲስተር ብቅ አለች፤ እሷም ቲሸርቱን ለብሳለች፤ የረሳችውን ድምፅ ማጉያ ልትወስድ ነው የመጣችው።

«አባቴ!» አለች። ፊቷ በራ። «እርስዎ ነዎት? እስቲ እጅዎን!»

«ጥንካሬውን እዪ፣ ሲስተር» አልኩ። እየኮራሁ ነበር። ጨርቁን ፈትቼ ጓጉንቸሩን ታግዬ አወጣሁ። «ጣትሽን ስጪውና እዪ።»

ሰጠችው። ያዛት። ሳቋ ከፊቷ ላይ ቀስ ብሎ ሄደ። በሌላው እጇ የአባቴን ጣቶች አንድ በአንድ ልትዘረጋ ሞከረች፤ አባቴ ፊቱን አጨማደደ፣ ጣቶቹም ተመልሰው ታጠፉ። አንጓው ወደ ታች ወድቋል። አውራ ጣቱ መዳፉ ውስጥ ገብቶ ተቀብሯል።

«ይህን ማን አዘዘላችሁ?»

«ምኑን?»

«መጨበጡን።»

«ማንም። እኛው ነን።»

ጣቷን ቀስ ብላ አላቀቀች። «ስትሮክ የመታው እጅ ብዙ ጊዜ መጨበጥ አያቅተውም። ሳይጠሩት ራሱ ይጨበጣል። የሚያቅተው መዘርጋት ነው። ይህ ጥንካሬ አይደለም፤ ጡንቻው አጥሮ ነው። መዘርጋት ነው የነበረብን፤ በየቀኑ።»

«ማንም አልነገረንም።»

«ስትወጡ ወረቀት አልሰጧችሁም?»

ከቦርሳዬ አንዱን በራሪ ወረቀት አወጣሁላት። አየችው። ከብብቷ ሥር የያዘችው እሽግ ያው ራሱ ነበር።

«በእኛ ነው የተበላሸው?» አልኩ።

«በመጨበጡ ብቻ አይደለም። ሳይዘረጋ መቆየቱ ነው።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔም ታዝዤ ነው የሄድኩት» አለች።

«ይመለሳል?»

«ትንሽ። ከተሠራበት ማንኪያ፣ ምናልባት።»

«ቁልፍስ?»

ውጭ የመኪናው ጥሩምባ ጮኸ። ሲስተር በጥድፊያ ሌላ ነገር ነገረችኝ። ቀጭን ጣውላ፣ መዳፍና ጣት የሚያህል፤ ጣቶቹ ተዘርግተው፣ አውራ ጣቱ ወደ ውጭ ወጥቶ፣ በሰፊ ጨርቅ ሳይጠብቅ ይታሰር፤ ሲተኛ ይደረግለት፣ ጠዋት ቆዳውን እይለት።

«ይህ ያድነዋል?»

«እንዳይብስ ነው።»

«ሰኞ እንምጣ?»

«ሰኞ ሁለተኛው ዙር ይጀምራል» አለች። ዓይኔን አላየችም። ድምፅ ማጉያውን አንስታ ወጣች።

አባቴ ሁሉንም ሰምቷል። መናገር እንጂ መስማት አልተሳነውም። ከመስታወቱ ፊት ሳይነቃነቅ ቀኝ እጁን በግራው ደግፎ አነሳውና ወደ ፊቱ አቅርቦ አየው፤ ደንበኛ ይዞት የመጣ የተበላሸ ቁልፍ እንደሚያይ።

«እሺ» አለ።

ድምፁን ሰማሁት። ምን ማለቱ እንደሆነ ግን አላወቅኩም።

ወደ ኪዮስካችን ስንመለስ ዘመቻው ከአደባባዩ ይሰማ ነበር። «አንዲት ደቂቃ እንኳ አታባክኑ!» ይላል ድምፅ ማጉያው።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለች ሬዲዮ። የሆነውን ነገርኳት። አፏን በእጇ ያዘች። «ኳስ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ያሰርኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

ጥፋቱን የምንጥልበት የሌላ ሰው ስም ልንጠራ ፈለግን፤ ሁለታችንም ጠራን፤ ግን አልቀለለንም። አባቴ ወንበሩ ላይ ተደግፎ እንቅልፍ ወስዶታል፤ ወይም ዓይኑን ጨፍኗል።

ከመደርደሪያው አንድ ቀጭን ጣውላ ነቀልኩ። ልኩን ከቀኝ እጁ መውሰድ አይቻልም፤ አይዘረጋም። ግራውን ቀስ ብዬ አንስቼ አንድ በራሪ ወረቀት ባዶ ጀርባ ላይ አሳረፍኩት፤ በእርሳስ ዙሪያውን ዞርኩት፣ ወረቀቱን ገልብጬ ቀኝ አደረግኩት። በመጋዝ ቆረጥኩ። የአውራ ጣቱ መታጠፊያ አስቸገረኝ፤ ሁለት ጊዜ በሞረድ አረምኩት። ማሰሪያ የሚሆን ሰፊ ጨርቅ ፈለግኩና ቲሸርቱን አነሳሁ፤ ከደረቱ አራት ሰፋፊ ጥብጣብ ቆርጬ ጠርዛቸውን ሰፋሁ፤ በአንዱ ላይ «ፈጥነው» የሚለው ብቻ ቀረ። ሬዲዮ መርፌው ውስጥ ክር አስገባችልኝ፤ አንድም ቃል አላወጣችም።

በመጨረሻ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ። በመዳፌ፣ ከዚያም በጉንጬ ዳሰስኩት፤ የሚወጋ አልነበረውም። ብናኙን እፍ ብዬ አራገፍኩና ማታ እስኪደርስ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት።